ሁለቱን ልደታት ያመኑ መነኩሴ፦ የጎጃሙ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል



ጾመ ነቢያት ገብቶ የስብከት፣ የብርሃንና የኖላዊ ሰንበታት በየተራ ሲደርሱ፣ በየዓመቱ ሳይጠየቅ የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። የልደት በዓል ከየት መጣ? ትርጉሙስ ምንድን ነው? መምህራን ብዙውን ጊዜ መልሱን ከቀን አቆጣጠር ይጀምራሉ። ይህ ክፋት የለበትም። ነገር ግን የጥያቄው ልብ ያለው በቀኑ ሳይሆን በተወለደው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለማቅረብ አስበናል። ሰውየው የእኛው የጎጃም ልጅ ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጋጠመኝ ነገር ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥቼ በአዴት በኩል ወደ ሞጣ ስጓዝ አውቶቡሱ አዴት ላይ ለምሳ ቆመ። በይልማና ዴንሳ ሜዳ ጤፍ ታጭዶ በየአውድማው እየተከመረ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጠገቡ መሆናቸው ከአነጋገራቸው የሚታወቅ አንድ ሽማግሌ መስቀሌን አይተው ከየት እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን መሆኔን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ሻያቸውን አስቀምጠው ቤተ ክርስቲያኔ ስንት ልደት እንደምታምን በትሕትና ጠየቁኝ። ሁለት ልደት ነው ብዬ መለስሁ። ገረማቸው። እኔም በዚህ እምነት ምክንያት የሞተ አንድ የጎጃም መነኩሴ እንዳለን ልነግራቸው ጀመርሁና በመካከል ዝም አልሁ። ታሪኩን ጠፍቶኝ አልነበረም። ማን እንዳሠራቸውና ማን እንደ ፈረደባቸው ስደርስ፣ በጾም ቀን፣ በሻይ ቤት፣ ለአንድ የተከበሩ ኦርቶዶክሳዊ አባት እንዴት አድርጌ እንደምናገረው ስላላወቅሁ ነው። ያን ቀን ያልጨረስሁትን ዛሬ ልጨርሰው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. በመርጡለ ማርያም አካባቢ በምትገኘው ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ በቀረው አንድ ዓይን ግን ብዙ መጻሕፍት የሚያነቡ ሰው ሆኑ። በወጣትነታቸው ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው ተማሩ፤ ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላም መነኮሱ።

መርጡለ ማርያምን ያየ ሰው የቦታው ታሪክ በድንጋይ ላይ የሚነበብ መሆኑን ያስታውሳል። ቤተ ክርስቲያኑን በመጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ከዚያም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን መነኮሳት እንደገና ሠሩት። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ አጸኑ፤ በ1625 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ደግሞ ክርስቲያን የሆነውን ሕዝብ ዳግም እስከ ማጥመቅ፣ ካህናቱንም ዳግም እስከ መካን ደረሱ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ ዐዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ስንናገር ይህን መዝለል የለብንም። በኋላ በእሳቸው ላይ የወደቀው ጥርጣሬ ያለ ምክንያት ከሰማይ የወረደ አልነበረምና። እርሾው ቀድሞ በእኛ ወገን እጅ የተጣለ ነው።

ኢየሱሳውያኑ ከሄዱ በኋላ ያስነሡት ክርክር አብሯቸው አልሄደም። የሀገራችን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ መቀባት እርስ በርሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት፣ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ተናግሯል። እግዚአብሔር የሆነ እርሱ ስለ ምን ተቀባ? ከመቀባቱስ ምን አገኘ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሊቃውንቱ በሦስት ተከፈሉ። ካራ የተባሉት ሁለት ልደትን ብቻ ተናገሩ፤ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው አሉ። ጸጋ የተባሉት በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን እንደ ሦስተኛ ልደት ቈጠሩ። በጎጃም የበረቱት ቅባቶች ደግሞ ክብሩን ሁሉ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ገለጹ። ይህን ባጭሩ ስናገር ሊቃውንቱን እንደማሳነስ እንዳይቈጠርብኝ፤ እያንዳንዱ ወገን መጻሕፍትን ጠቅሶ ለመከራከር የሚያበቃ ጥልቅ ትምህርት ነበረው። ክርክሩም በጉባኤ ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። አንዱ ወገን መኰንን ሲያገኝ ሌላው ወገን ይሰደድ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከገና ጋር ምን ግንኙነት አለው ትል ይሆናል። ክርክሩ በሙሉ ስለ ገና ነው። በግርግም የተኛው ሕፃን ማን ነው? ከማርያም የተወለደው ያው ከዘመናት በፊት ከአብ የተወለደው ነው ወይስ ሌላ? ሕፃኑ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነው በተወለደ ጊዜ ነው ወይስ ልጅነቱን ይዞ መጣ?

በዓሉ ራሱም የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የትንሣኤን በዓል እንጂ የልደትን በዓል ለብቻው ሲያከብሩ አናገኝም። በሮም ታኅሣሥ 25 የልደት ቀን ሆኖ ተመዝግቦ የምናገኘው በ336 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በኒቅያ በ325 ዓ.ም. የወልድ አምላክነት ከተመሰከረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በምሥራቅ ልደትና ጥምቀት በአንድ ቀን ይከበሩ ነበር፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንዲሁ ታደርጋለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 ዓ.ም. በአንጾኪያ ስለ ልደት ሲሰብክ በዓሉ ወደዚያ ከመጣ ገና ዐሥር ዓመት እንዳልሞላው ለሕዝቡ ገልጿል። የእኛው ታኅሣሥ 29ም (በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28) ሌላ ቀን አይደለም፤ በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ታኅሣሥ 25 ነው። ልዩነቱን ያመጣው በ1582 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 13ኛ ያደረጉት የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ነው። ከመጋቢት 29 ከጽንሰቱ በዓል ዘጠኝ ወር ቢቈጠር ልደት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በቀኑ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላ መምህር ቢኖር በከንቱ መድከሙ ነው።

ወደ አባታችን እንመለስ። አባ ገብረ ሚካኤል በምንኵስናቸው ዘመን ያሳሰባቸው የመጀመሪያው ነገር የገዳማት ሥርዓት መላላት ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ የምንኵስናን ታሪክ መመርመር ጀመሩ፤ መጽሐፈ መነኮሳትን ተሟልቶ ለማግኘት ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ። ፍለጋው ጎንደር አደረሳቸው። በዚያ ለዓመታት ሲማሩና ሲያስተምሩ ኖሩ፤ የልደታቱንና የቅብዐቱን ክርክርም በዋናው ማዕከሉ አገኙት። በሀገር ውስጥ የሚያረካቸው መልስ ስላጡ ኢየሩሳሌም ሄደው መጻሕፍትንና አባቶችን ለመጠየቅ ቈረጡ። ከሀገር የወጡት ጥያቄያቸውን ይዘው እንጂ መልስ ይዘው አልነበረም፤ የካቶሊክ እምነትም በሐሳባቸው አልነበረም።

በ1841 ዓ.ም. የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ወደ ካይሮ ላኩ። በመልእክተኞቹ ላይ እንዲሾሙ የለመኗቸው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሀገራችን የገቡት ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ ሕዝባችን በኋላ አቡነ ያዕቆብ ብሎ የጠራቸው ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ አንዱ ሆኑ። በመንገድ የነበራቸው ስሜት ፍቅር አልነበረም። ጎጃሜው ሊቅ የፈረንጁን ካህን በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር፤ በሱስንዮስ ዘመን የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይፈርድበትም። አባ ዮስጢኖስ ግን አልተከራከሩም። ያገለግሉ፣ ይታገሡ፣ ግዕዝና አማርኛ ይማሩ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሊቁን ያሸነፋቸው ይህ ነው፤ በክርክር የሚረታቸው ሰው ብዙ አልነበረምና።

በካይሮ ለጳጳስነት የተመረጡት በእድሜ ገና ወጣት የነበሩት አንድርያስ ሆኑ፤ አቡነ ሰላማ ተብለውም ተሾሙ። ከመልእክተኞቹ ጥቂቶቹ፣ አባ ገብረ ሚካኤልም ጭምር፣ ከአባ ዮስጢኖስ ጋር ወደ ሮም ሄደው በነሐሴ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም የተመኟትን ኢየሩሳሌምን አዩ። በመመለሻቸው ካይሮ ላይ ከፓትርያርኩ ስለ ክርስቶስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ለአቡነ ሰላማ እንዲያደርሱ ተቀበሉ። ደብዳቤው ሲደርስ ግን ጳጳሱ አልተቀበሉትም። አባ ገብረ ሚካኤል ባሕር ተሻግረው ያመጡት መልስ በገዛ ሀገራቸው ደጅ ላይ ቀረ።

ከዚህም በኋላ አልቸኰሉም። በ1844 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከአባ ዮስጢኖስ ዘንድ ሄደው ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነት ሲገቡ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። እምነታቸውን ስንመረምር ከአባቶቻቸው ሃይማኖት የተጣለ ነገር አናይም። አንዱ ወልድ ሁለት ልደት አለው፤ ከዘመናት በፊት ከአብ ያለ እናት፣ በዘመን ፍጻሜ ከድንግል ማርያም ያለ አባት። ይህን በ431 ዓ.ም. የኤፌሶን ጉባኤ ያጸናው እምነት ይዟል፤ በ553 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶችም ሁለቱን ልደታት በግልጥ አውጀዋል። መንፈስ ቅዱስ ለክርስቶስ የሰጠው የጎደለውን ልጅነት አይደለም። የተቀባው ስለ እኛ በነሣው ሥጋ ነው፤ እኛም ከእርሱ ቅብዐት እንድንካፈል ነው። የገና ምሥጢር በአጭሩ ይህ ነው። ልጅ የነበረው ሰው ሆነ፤ ሰው የነበርን እኛ ልጆች እንድንባል።

መምህራን እዚህ ላይ እንዲያስተውሉ የምፈልገው ነገር አለ። ለሕፃናት ስናስተምር ኢየሱስ በቤተ ልሔም ተወለደ ብለን እናቆማለን። ይህ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ቀርቷል። የመጀመሪያው ልደት ካልተነገረ ሁለተኛው ከማንኛውም ድኻ ሕፃን መወለድ የሚለይበት ነገር አይታይም። ሁለተኛው ካልተነገረ ደግሞ የመጀመሪያው ከእኛ የራቀ ሰማያዊ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

አባ ገብረ ሚካኤል ከዚያ በኋላ የአባ ዮስጢኖስ ቀኝ እጅ ሆኑ። በአጋመ በጓላ በተከፈተው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ለሀገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍና የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ በዕውቀታቸው ረዱ። አባ ዮስጢኖስ በ1849 ዓ.ም. በምጽዋ ጵጵስና ተቀበሉ። በጥር 1 ቀን 1851 ዓ.ም. ደግሞ አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሙ። ተሿሚው ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር። ቀኑ በሮም ሥርዓት የልደት በዓል ስምንተኛ ቀን ነው። ሆን ተብሎ ተመርጦ እንደ ሆነ አልከራከርም፤ ለእኔ ግን ገጠመኙ ደስ ይለኛል።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። በእነዚያ ዓመታት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እየረቱ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ተነሥተው ነበር። የተከፋፈለችውን ሀገር አንድ ለማድረግ አንድ ሃይማኖት ያስፈልጋል ብለው ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። በ1854 ዓ.ም. በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ የካራ ትምህርት ጸንቶ ሦስት ልደት ተወገዘ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አቡነ ያዕቆብ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ባልንጀሮቻቸው ጎንደር ላይ ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከእስር በኋላ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ፤ የሀገሩ ልጆች ግን በእስር ቀሩ። ይህን ታሪክ መራራ የሚያደርገው አሳሪዎቹም ታሳሪውም ሁለት ልደት የሚሉ መሆናቸው ነው። ልዩነቱ ስለ ባሕርይ በሚነገረው ቃልና ስለ ሮም መንበር ነበር። እኔ በዚህ ላይ ስፈርድ አቡነ ሰላማና ካሣ የቤተ ክርስቲያንንና የሀገርን አንድነት እንደሚያድኑ አምነው ያደረጉት ይመስለኛል። ያ የተደረገውን ቅን አያደርገውም፤ የሱስንዮስ ቅንነትም የፈሰሰውን ደም እንዳላጠበው ሁሉ።

ታሳሪዎቹ እግራቸው ግንድ ውስጥ ገብቶ ለወራት ተቀመጡ። ግንድ ማለት እግር የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ከባድ እንጨት ነው፤ ተቀምጦ እንጂ ተነሥቶ መሄድ አይቻልም። በ1847 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል የደረሰው ይህ መነኩሴ እስረኛ ሳሉ ነው። ውጭ ሕዝቡ በዓሉን ሲያከብር፣ ልጆች በየሜዳው የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ክርስቶስ በሥጋ ስለ መወለዱ ብዙ ዘመን የተመራመሩት ሽማግሌ እስር ላይ ነበሩ። እኔ በየዓመቱ በልደት ሌሊት ቅዳሴ ስገባ ይህችን አንድ ሌሊት አስባለሁ።

በየካቲት 1855 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሡ ፊት ቀርበው እምነታቸውን እንዲለውጡ ተጠየቁ፤ አልለወጡም። በጅራፍ ተገረፉ፤ ጤነኛ ዓይናቸው ላይ ሳይቀር እንደ ተመቱ ታሪካቸውን የጻፉት ይናገራሉ። በመጨረሻ ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ግን ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ለሌላ እምነት ተከታይ ይህን ያደረገ ሰው በጸሎታችን ሊታሰብ ይገባዋል።

የተለወጠው ፍርድ ከሞት ያልተናነሰ ነበር። ሠራዊቱ ከቦታ ቦታ ሲዘምት ሽማግሌው በሰንሰለት ታስረው አብረው እንዲሄዱ ተደረገ። በዚያ ክረምት ኮሌራ በሰፈሩ ገብቶ ነበር። እሳቸው ከሚሰጣቸው ጥቂት ስንቅ ለታመሙት ያካፍሉ ነበር ይባላል። ወታደሮቹም ያን ሁሉ መከራ ችለው አለመሞታቸውን አይተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ያመሳስሏቸው እንደ ነበር ይነገራል። በ1855 ዓ.ም. በክረምቱ፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ሰንሰለታቸውን እንደ ታሰሩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የሚጠብቋቸው ወታደሮች በአንድ ጥድ ሥር ቀበሯቸው።

አቡነ ያዕቆብ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረው በ1860 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ወደ ሐላይ ሲሄዱ በበረሃ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ዓ.ም. ቅዱስ ብለው አወጁዋቸው። ደቀ መዝሙራቸውን ግን ክብር ቀድሟቸው ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕና ሰማዕት ያሏቸው ጥቅምት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. ነው።

የሞቱበት ክርክርስ ምን ሆነ? በሀገር ውስጥ በ1878 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሁለት ልደትን አጸና። በ1973 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ በሮም ተገናኝተው፣ ክርስቶስ በመለኮቱ ፍጹም አምላክ በትስብእቱ ፍጹም ሰው መሆኑን፣ አንድነቱም ያለ መቀላቀልና ያለ መለየት መሆኑን አብረው መሰከሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ከካይሮ ይዘውት የተመለሱትን ደብዳቤ ሳስብ ይህ ምስክርነት የመቶ ሠላሳ ዓመት መንገድ የሄደ መልስ ሆኖ ይታየኛል። ገና ያልተፈቱ ነገሮች አሉ፤ ሆኖም በግርግም ስላለው ሕፃን ማንነት ከእንግዲህ አንዳችን ሌላችንን መናፍቅ ለማለት ምክንያት የለንም።

በአዴት ያገኘኋቸው ሽማግሌ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ አብረን ተነሣን። ዝም ማለቴን አስተውለው ኖሯል፤ የዚያን መነኩሴ ስምና አገር እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። በእጄ የነበረውን ወረቀት ቀድጄ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ዲቦ፣ መርጡለ ማርያም ብዬ ጻፍሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ወረቀቱን አጥፈው በዳዊታቸው መካከል አስገቡት።